ጎማው ይታየን

ይድረስ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለምትሠሩ የትራፊክ ፖሊሶች፣ ለመንጃ ፈቃድ አሰልጣኞች፣ ለታክሲና ለባጃጅ ማኅበራት፣ ለከባድ መኪና ሾፌሮችና ለረዳቶቻችሁ

ጉዳዩ፦ ቆመን ስንጠብቅ ከፊታችን ካለው መኪና ስለምንተወው ቦታ

እንዴት ሰነበታችሁ? ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉ ደህና?

እኔ የደሴ ሰው ነኝ። 31 ዓመት በከባድ መኪና ላይ ሠርቻለሁ። የጀመርኩት በኤንትሬ ጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ነው። የጎማ ማገጃውን ታኮ ተሸክሜ፣ ጎማ በእንጨት እየመታሁ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ሥራውን ለመድኩ። ከዚያ መሪ ያዝኩ። በባቲ በሚሌ አድርጌ አሰብ ተመላልሻለሁ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ፣ እንደ ባልደረቦቼ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞርኩ። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በቀንም፣ በሌሊትም፣ በዝናብም፣ በጉምም ወጥቼዋለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የምነዳው የልጄን ቪትዝ ነው።

የምጽፍላችሁ ስለ 2 ወይም 3 ሜትር ባዶ አስፋልት ነው። መኪና ሲቆም ከፊቱ መቅረት ስላለበት ባዶ አስፋልት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሰኞ ጠዋት። በሰኞ ገበያ ቀን ደሴ እንዴት እንደምትጨናነቅ ታውቃላችሁ። አህያው፣ በጉ፣ ተሸካሚው፣ አይሱዙው፣ ሁሉም ያንኑ አንድ መንገድ ይፈልጋል። ጦሳ በአንድ በኩል፣ አዝዋ በሌላ በኩል ይዘውናል። መንገዱን እናስፋው ቢባል ወዴት ይሰፋል? ዳገት ላይ ሰልፉ ቆመ። ከፊቴ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ አለ። እኔ አንድ መኪና የሚያህል ቦታ ትቼ ቆምኩ። ወዲያው አንድ ባጃጅ ሹልክ ብሎ ገባና ያንን ቦታ ሞላው። ውስጡ ዩኒፎርም የለበሱ ሦስት ሴት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ከኋላዬ ደግሞ አንድ ሚኒባስ መጥቶ ፓራውልቴ ላይ ተለጠፈ።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አይሱዙው ሊነሳ ሞከረ። ሞተሩ ጠፋበት። ከዚያ ወደ ኋላ መምጣት ጀመረ።

ባጃጁ ክላክስ ነፋ። እኔም ነፋሁ። ልጁ ወደ ኋላ እንዳይል እኔ አለሁ። እኔ ወደ ኋላ እንዳልል ሚኒባሱ አለ። ከሚኒባሱም ኋላ ሌላ አለ። ሁላችንም ፍሬን ረግጠን ያንን ሲሚንቶ እያየን ቁጭ አልን። የአይሱዙው ረዳት፣ አላህ ይስጠው፣ በሩን ከፍቶ ዘለለና ታኮውን ከጎማው ሥር ሰነቀረ። መኪናው ታኮው ላይ ሊወጣ ትንሽ ቃጣና ቆመ። በአይሱዙው ጭራና በባጃጁ መስታወት መካከል የቀረው አንድ ስንዝር ነበር።

ወርጄ ልጆቹን አየኋቸው። አንደኛዋ ደብተሯን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። የባጃጁ ሾፌር 20 ዓመትም የሞላው አይመስልም። እጁ ይንቀጠቀጣል። "አብሽር" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና "ጋሼ፣ ቦታ አይቼ እኮ ነው የገባሁት" አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ይህች ቃሉ ናት። እውነቱን ነው፤ ቦታ አይቶ ገባ። ያ ቦታ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን፣ ለምን እንደተተወም፣ ነግሮት የሚያውቅ ሰው የለም።

እኔም ብሆን ይህን የተማርኩት በሰው እግር ነው።

በ1996 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየወጣሁ ነበር። ተሳቢ ይዣለሁ። ጭነቱ 400 ኩንታል ስንዴ ነው። ሐረጎ ላይ አንድ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ዘግቷል። ይዘንባል። ጉሙ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። መንገዱ ሲከፈት ረዳቴን ታኮውን አንሳ አልኩት። አነሳ። ፍሪሲዮኑን ስለቀው መኪናው ጨብጦ አልያዘም። ወደ ኋላ ሸተት አለ። ሁለት ክንድ ቢሆን ነው፤ ቢበዛ ሦስት። ፍሬን ረግጬ ያዝኩት። ከኋላ ምንም አልተሰማኝም። 400 ኩንታል የጫነ መኪና ትንሽ መኪና ሲጨፈልቅ ጋቢና ላለው ሰው አይሰማውም። የሰማሁት የረዳቴን ጩኸት ነው።

ከተሳቢው ጭራ ሥር አንድ ፒክአፕ ነበር። ያን ሁሉ ግማሽ ሰዓት እዚያ ቆሟል። በግራም በቀኝም ስፖኪዮ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም። አፍንጫው ከተሳቢው ሥር ገብቶ ዳሽቦርዱ የሾፌሩን እግር ያዘው። ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ሆስፒታል አብሬው አደርኩ። ሌሊት ላይ ሕመሙ ጋብ ሲልለት ፊቱን ወደ እኔ መለሰና "እኔ እኮ ቆሟል ብዬ ነው" አለኝ።

በሽማግሌ ታረቅን። ማሳከሚያውን እኔ ከፈልኩ። ጥፋቱ የእኔም ነበር። ታኮውን ከማስነሳቴ በፊት ረዳቴን "ከኋላ ማን አለ?" ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ያ ሰው ዛሬም ሲራመድ ያነክሳል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አቅፎ ይስመኛል፤ እኔ ግን ዓይኔ እግሩ ላይ ይቀራል። 4 ሜትር ትቶ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ያቺን መንሸራተት ሁለታችንም ዛሬ አናስታውሳትም ነበር።

"ቆሟል ብዬ ነው።" ብዙዎቻችን የምናስበው እንዲሁ ነው። ስንሄድ ርቀት እንጠብቃለን። ስንቆም ግን አደጋው ያለቀ ይመስለናል። የቆመ መኪና ግን በማንኛውም ሰዓት ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ሞተሩ ሊጠፋና መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ከኋላ ተገፍቶ ወደ ፊት ሊወረወርም ይችላል። ለሦስቱም መድኃኒቱ ያው ባዶ አስፋልት ነው።

እንግዲህ ልኩን ልናገር። የቤት መኪና የምትነዱ፣ ቁጭ ባላችሁበት ከኮፈናችሁ ጫፍ አሻግራችሁ እዩ። የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማ አስፋልቱን የሚነካበት ቦታ መታየት አለበት። ከጎማው ወዲህም ትንሽ አስፋልት ይታይ። ጎማው በኮፈኑ ከተሸፈነባችሁ ከልክ በላይ ቀርባችኋል። ሜትር መያዝ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። በብዙ አገር አሰልጣኞች የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ይህን ያህል ቦታ ካላችሁ፣ የፊተኛው መኪና ቢበላሽ፣ ወደ ኋላ ሳትሉ መሪ ጠምዝዛችሁ በጎኑ ትወጣላችሁ።

ግን ይህ ልክ ከፊቱ ኮፈን ላለው መኪና የወጣ ነው። በእኛ መንገድ ላይ የሚበዙት ሚኒባስና ባጃጅ ናቸው። የተለመደው ሚኒባስ ሞተሩ ከወንበር ሥር ነው። ሾፌሩ ከፊት ጎማው በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ከፊቱ ኮፈን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ሜትር ገደማ ተጠግቶም ጎማውን ሊያየው ይችላል። ባጃጅም አፍንጫው አጭር ነው። እናንተ ልጆቼ፣ ለእናንተ ጎማ ማየት ብቻውን አይበቃችሁም። በመካከል አንድ ባጃጅ በቁመቱ የሚቆምበት ቦታ ተዉ። ባጃጅ ከአፍንጫው እስከ ጭራው 2 ሜትር ተኩል ከትንሽ ነው። ዓይናችሁ የለመደው መለኪያ ስለሆነ አትስቱትም።

ይህ ሁሉ በሜዳ ላይ ነው። ደሴ ደግሞ ሜዳ የላትም።

ልጄ ፊዚክስ ታስተምራለች። የሐረጎን ነገር ስነግራት ወረቀት አወጣችና አሰላችልኝ። 10 ከመቶ ዳገት እንውሰድ አለች። ማለትም መንገዱ 100 ሜትር ሲሄድ 10 ሜትር ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ ዳገት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ፍሬኑ የተለቀቀ መኪና እዚያ ላይ በመጀመሪያው ሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። 2 ሰከንድ ሲሞላ 2 ሜትር ገደማ ይደርሳል። 3 ሰከንድ ሲሞላ 4 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። "አባ፣ ርቀቱ በጊዜው ልክ አይደለም የሚያድገው። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ነው" አለችኝ።

አሁን የሾፌሩን እግር አስቡት። ከፍሬን ወደ ነዳጅ ሲያልፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ሞተር ከጠፋበት ደግሞ ደንገጥ ይላል፣ ከዚያ ነው ፍሬን የሚረግጠው። 2 ሰከንድ፣ አንዳንዴም 3 ሰከንድ በዚያ ያልቃል። ሰውየው ጀማሪ ከሆነ፣ የእጅ ፍሬኑ ከላላ፣ ፍሪሲዮኑ ካለቀ፣ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ዳገት ላይ አንድ ሙሉ የቤት መኪና የሚያስገባ ቦታ ተዉ። 4 ሜትር ማለት ነው። አይበዛም። ያ አይሱዙ እኔና ባጃጁ ላይ የመጣው በዚህ ስሌት ነው።

ከከባድ መኪና ኋላ ስትቆሙ ደግሞ የጎማውን ነገር ተዉት። ስፖኪዮውን ፈልጉ። ሁለቱም ስፖኪዮዎች ካልታዩዋችሁ ሾፌሩም እናንተን አያያችሁም። ይህን 31 ዓመት ከጋቢና ሆኜ አይቼዋለሁ። ከተሳቢ ጭራ ሥር የተለጠፈ ቪትዝ ለሾፌሩ የለም። ባዶ መንገድ ነው የሚመስለው። ወደ ኋላ የምትሉበትና በጎን የምትወጡበት ቦታ እስኪኖራችሁ ድረስ ራቅ በሉ። እኔ ከተሳቢ ኋላ ዳገት ላይ ከ6 ሜትር ባነሰ ቆሜ አላውቅም። ከዚያች ነሐሴ ወዲህ ማለቴ ነው።

ቁልቁለቱ ሌላ ጠባይ አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ነች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ያን ሁሉ ከፍታ በዚህች አጭር መንገድ ስንወርድ ፍሬን ይግላል። የጋለ ፍሬን ይደክማል። በከባድ ማርሽና በሞተር ያልወረደ ጭነት መኪና፣ ታች ሰልፍ ላይ ሲደርስ ፍሬኑ እንቢ ሊለው ይችላል። እዚህ ላይ የፊተኛው መኪና ወደ እናንተ አይመጣም። የሚመጣው የኋለኛው ነው። ያኔ ያላችሁ መሸሻ ከፊታችሁ የተዋችሁት ቦታ ብቻ ነው።

ሐረጎ ላይ ቁልቁል ሰልፍ ሲገጥማችሁ፣ ከልኩ እጥፍ ርቃችሁ ቁሙ። እግራችሁ ፍሬን ላይ ይሁን፤ ቀዩ መብራት ከኋላ ይታይ። ማርሹ አንደኛ ላይ ይሁን። ማርሽ አውጥታችሁ በፎሌ አትቁሙ። ዓይናችሁ ስፖኪዮው ላይ ይሁን። ከኋላችሁ አንድ ሁለት መኪና መጥቶ በደንብ ሲቆም፣ ያኔ ትንሽ ጠጋ ማለት ትችላላችሁ። በክረምት ጉም ሲወርድ ይህ እጥፍ ድርብ ያስፈልጋል። ጉም ውስጥ የሚመጣ ሰው ሰልፉን የሚያየው ሊደርስበት ሲል ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይበላል። ሾፌሩ ፍሬን እስኪረግጥ ያቺ አንዷ ሰከንድ አልፋለች። አስፋልቱም ርጥብ ነው።

ከኋላ ተገጭቶ የማያውቅ ሰው ነገሩን ቀላል ያደርገዋል። የቆመ መኪና ሲገጭ ወደ ፊት ይወረወራል። ከፊቱ ቦታ ካለ፣ ፍሬኑም ተይዞ ከሆነ፣ ሄዶ ሄዶ ይቆማል። ቦታ ከሌለ ከኋላም ከፊትም ይጨፈለቃል። የፊተኛውም ቀጣዩን ይገጨዋል። ከዚያ አራት ሾፌር መንገድ ዘግቶ "አንተ ነህ የገጨኸኝ" እያለ ግማሽ ቀን ይቆማል። የትራፊክ ፖሊሶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ግን የሚያስፈራኝ ብረቱ አይደለም። በመካከል የሚያልፈው ሰው ነው። ሰልፍ ሲቆም እግረኛው በመኪኖቹ መካከል ይሻገራል። እናት ልጅ አዝላ፣ ሽማግሌ በከዘራው፣ ተማሪው ዳቦውን እየገመጠ። ሁለት ፓራውልት መካከል አንድ ክንድ ብቻ ካለ በጎኑ ሾልኮ ያልፋል። ያኔ አንዱ መኪና ሸተት ቢል የሚያገኘው የሰው ጉልበት ነው። ከፍ ያለ ሲኖ ላይ የተቀመጠ ሾፌር ደግሞ ከአፍንጫው ሥር ያለን ሕፃን ላያየው ይችላል። ቦታው ሰፋ ሲል ሰውየውም ይታያል፣ ለመሮጥም ጊዜ ያገኛል።

አምቡላንስም አለ። ባለፈው ዓመት ከገጠር ወላድ ይዞ የመጣ አምቡላንስ ከኋላችን ሲጮኽ ሰማሁ። ሁሉም ሰው ሊያሳልፈው ፈልጓል። መስኮት ከፍቶ እጁን የሚያወዛውዘው ብዛቱ! ማንም ግን መንቀሳቀስ አልቻለም። መኪና ወደ ጎን አይራመድም። ጥግ ለመያዝ መጀመሪያ ወደ ፊት መሄድ አለበት። ወደ ፊት ደግሞ ቦታ የለም። ስምንት ደቂቃ ቆጠርኩ። ከመኪናው ውስጥ ያለችው ሴት ስታቃስት በመስኮቱ ይሰማ ነበር። ደግነት እያለን ቦታ አጣን።

ነዳጅ ሰልፍ ላይም ያው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጭራ ለጭራ ተያይዘን እናድራለን። አንዱ መኪና እሳት ቢይዝ ማንኛችን እንወጣለን? ለእግዜር ብላችሁ እዚያም ላይ ቦታ ተዉ። ተራችሁን የሚወስድባችሁ የለም፤ ሰው ታርጋችሁን ያውቀዋል።

"ቦታ ከተውን ሰልፉ ይረዝማል፣ እንዘገያለን" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይረዝማል፣ እውነት ነው። 10 መኪና እያንዳንዱ አንድ ሜትር ተኩል ቢጨምር ሰልፉ በ15 ሜትር ይረዝማል። የመንገድ መገናኛ እንዳንዘጋ መጠንቀቅ ነው። መዘግየቱ ግን እንደምናስበው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞክረዋል። መኪኖችን መብራት ላይ በተለያየ ርቀት አቆሙ፤ ተጠጋግተውም፣ ተራርቀውም። ሲነሱ ከላይ በድሮን ቀረጹ። በመኪኖቹ መካከል ያለው ቦታ እስከ 25 ጫማ፣ ማለትም እስከ 7 ሜትር ተኩል ገደማ ሲደርስ እንኳ፣ ሰልፉ መብራቱን ለማለፍ የወሰደበት ጊዜ አልጨመረም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ተለጥፎ የቆመ ሰው የፊተኛው ርቆ እስኪሄድ መጠበቁ አይቀርም። ቦታ ትቶ የቆመው ግን ከፊተኛው ጋር አብሮ ሊነሳ ይችላል። በመጠጋት ያተረፍነውን ጊዜ በመነሳት ላይ እንመልሰዋለን።

ሌላው የምሰማው "ቦታ ብተው ባጃጅ ይገባበታል" የሚል ነው። ይገባል። እኔም ላይ ገብቷል። ሲገባ ተናድዳችሁ አትጠጉት። ከቻላችሁ እንደገና ትንሽ ወደ ኋላ በሉለት። ካልቻላችሁም ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ቀድሞ ይሂድ፣ ያን ቦታ መልሳችሁ ያዙ።

እኛ ወሎዬዎች መጠጋት እንወዳለን። እንግዳ ቡና ላይ ሲመጣ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ብለን ቦታ እንሠራለን። ሚኒባስ ውስጥ አራተኛው ሰው ሲገባ "ጠጋ በሉ" ስንባል አናኮርፍም። ይህ ጠባያችን ያኮራኛል። ረዳቱም ከበሩ ላይ ሆኖ ጎኑን እየደበደበ "ጠጋ በለው!" ሲል ክፋት አስቦ አይደለም። ከኋላችን ክላክስ የሚነፋብንም ስለቸኮለ ነው። እባካችሁ ይህች ቃል በሰው ላይ ትቅር። በብረት ላይ "ተወው፣ ቦታ ስጠው" የምትለዋን እንልመድ።

አሁን ወደምለምናችሁ ነገር ልምጣ።

የትራፊክ ፖሊሶች፣ በፀሐይና በዝናብ የምትቆሙልን፣ ሥራችሁ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ሰልፍ ስታስተናግዱ ዳገት ላይ ያለውን በእጃችሁ "ተጠጋ" አትበሉት። ጭነት መኪና ዳገት ላይ ሊነሳ ሲል የኋለኛውን ትንሽ ያዙት። ጭነቱ ተነስቶ አንድ 10 ሜትር ይሂድ፤ ከዚያ የኋለኛው ይከተል። አንድ ቀን ሐረጎ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ፣ መኪናዬን ጥግ አስይዤ ወርጄ መርቄዋለሁ። ቅጣት ጨምሩ አልላችሁም። ሰው የማያውቀውን ነገር በቅጣት አይማረውም። መጀመሪያ ይነገረው።

አሰልጣኞች፣ ዳገት ላይ አቁሞ ማስነሳት ታስተምራላችሁ። የእጅ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ነዳጅ፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ሜዳው ላይ ከተማሪው ፊት መኪና የለም። ሁለት መኪና አቁማችሁ ሞክሩት። ተማሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ "ጎማው ይታየኛል፣ አይታየኝም" ይበል። ከዚያ ወርዶ በሜትር ይለካው። አንድ ጊዜ በእጁ የለካው ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። በሚኒባስም፣ በባጃጅም፣ በአይሱዙም ወንበር ላይ እየተቀያየረ ይለካው። ልዩነቱ ይገርመዋል። እኔ በቅርቡ በጓደኛዬ ሚኒባስ ሞክሬው ገርሞኛል።

ከባድ መኪና የምትይዙ ወንድሞቼ፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስትደርሱና ስትወጡ ሰልፉ እንደሚያሰለች አውቃለሁ። ረዳቶቻችሁን አደራ። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ረዳት ጋቢና ውስጥ አይተኛ። ይውረድ። ታኮውን ያስገባ። ከጭራ የተለጠፈ ካለ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ወደ ኋላ ያስብለው። መኪናው ወደ ፊት መሳብ ሲጀምር ብቻ ታኮውን ያንሳ። ድንጋይ ታኮ ካደረጋችሁ ደግሞ መንገድ ላይ ትታችሁት አትሂዱ፤ ለኋለኛው ጎማ ጠላት ነው።

የባጃጅ ልጆች፣ እናንተን በጣም አስባችኋለሁ። መኪናችሁ ከሸራና ከቆርቆሮ የተሠራች ነች። ከጀርባችሁ የሰው ልጆች ጭናችኋል። ከጭነት መኪና ኋላ ባዶ ቦታ ስታዩ፣ የተተወው ለመኪናው መንሸራተቻ መሆኑን አስቡ። የምትጓጉለት ሁለት ደቂቃ ነው። ከጭራችሁ ላይ ጥቅስ፣ ምርቃት፣ የእናት ስም መጻፍ ትወዳላችሁ። ሰልፍ ላይ ቆሜ ማንበብ ደስ ይለኛል። ከዚያ ጎን አንዲት ቃል ጨምሩልኝ፦ "ጎማዬ ይታይሃል?" ከኋላችሁ የቆመው ሰው አንብቦ ጎማውን ይፈልጋል። ካጣው ወደ ኋላ ይላል።

ያ የሰኞው ልጅ ይህን ስነግረው አሰብ አደረገና "ጋሼ፣ ቀይ ቀለም ይሻላል ወይስ ነጭ?" አለኝ። ነጭ አልኩት። ባለፈው ዓርብ ፒያሳ ላይ አገኘሁት። አስጽፎታል።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ሥራ የለኝም። ሜትርና ጠመኔ አለኝ። ማሠልጠኛ ሜዳ ላይም ቢሆን፣ ታክሲ ተራም ቢሆን፣ ፖሊሶች በምታስተምሩበት ቦታም ቢሆን፣ ከጠራችሁኝ በነፃ መጥቼ አስፋልቱ ላይ መስመሩን አሰምርላችኋለሁ፦ 2 ሜትር ተኩል ለሜዳ፣ 4 ለዳገት፣ 6 ከተሳቢ ኋላ። ቪትዟንም ይዤ እመጣለሁ። ያ ልጅም ባጃጁን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር
ደሴ